የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በፈተና ላይ በትክክል የማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

«የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው አስተካክሉ» የሚል ጥያቄ በትምህርት ቤት የአማርኛ ፈተና፣ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ክፍልና በመሥሪያ ቤቶች የቅጥር ፈተና ላይ ይመጣል። ቋንቋውን በደንብ የሚችሉ ተፈታኞችም ይሳሳቱበታል፤ የሚሳሳቱት አሠራሩን ከተሳሳተ ቦታ ስለሚጀምሩ ነው።

የተለመደው አሠራር መጀመሪያ የሚመስለውን ዓረፍተ ነገር በስሜት መርጦ የቀሩትን በግድ ከኋላው መደርደር ነው። መክፈቻው ከተሳሳተ ሁሉም አብሮ ይበላሻል። ሁለተኛው ልማድ አራቱንም ምርጫዎች ከዳር እስከ ዳር እያነበቡ «የቱ ይጥማል?» ማለት ነው። አምስት ዓረፍተ ነገሮች በአራት ምርጫ ሲነበቡ ሃያ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። ሦስተኛው ምርጫ ላይ ሲደረስ ጆሮ ሁሉንም ስለለመደ ሁሉም ትክክል ይመስላል።

አምስት ዓረፍተ ነገሮች በ120 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ወዲያው እንደሚመጣ ካረጋገጣችሁ 24 ብቻ ይቀራሉ። ሌላ ጥንድ ስትጨምሩ 6 ይሆናሉ። ከጥንዶቹ ውጪ የቀረው አንዱ መክፈቻ መሆኑን ካወቃችሁ ደግሞ 2 ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥንዶችን ፈልጉ፤ ሙሉው ቅደም ተከተል ከእነሱ ይወጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ትእዛዙን እስከ መጨረሻው አንብቡ። አንዳንዱ ሙሉውን ቅደም ተከተል ይጠይቃል፣ አንዳንዱ «ሦስተኛ ሆኖ የሚመጣው የቱ ነው?» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአንቀጹ ጋር የማይሄደውን አንድ ዓረፍተ ነገር እንድታወጡ ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን በትክክል ሠርተው «ሦስተኛው የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚመጣውን የሚመልሱ ብዙ ናቸው።

በወረቀት ለሚሰጥ ፈተና እርሳስ ይበቃል። በኮምፒዩተር ከሆነ በተፈቀደላችሁ ባዶ ወረቀት ላይ የዓረፍተ ነገሮቹን ቁጥር ብቻ በአንድ ረድፍ ጻፉ። ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ጊዜ ያባክናል። ለአንድ ጥያቄ በአማካይ አንድ ደቂቃ በሚደርስበት ፈተና ላይ ለዚህ ዓይነቱ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ፍቀዱለት። ከዚያ ካለፈ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት።

ደረጃ 1፦ ሁሉንም አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡ

በዚህ ንባብ ምንም አትደርድሩ። ጉዳዩን በሁለት ወይም በሦስት ቃል ለራሳችሁ ንገሩት፦ «የእንጀራ ሊጥ»፣ «የአንድ ሯጭ ታሪክ»፣ «የደን ጭፍጨፋ መዘዝ»። ቀጥሎ የጽሑፉን ዓይነት ለዩ። የአሠራር ሂደት ከሆነ የጊዜ ቃላት ይመሩታል። ታሪክ ከሆነ ዘመንና ባለታሪኩ፣ ክርክር ወይም ማብራሪያ ከሆነ ደግሞ አያያዥ ቃላት ይመሩታል። ይህን ስታውቁ በሚቀጥሉት ደረጃዎች ዓይናችሁ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ መክፈቻ ሊሆኑ የማይችሉትን አውጡ

የሚከፍተውን ከመፈለግ የማይከፍቱትን ማስወጣት ይቀላል፣ ስሕተቱም ያንሳል። ከሚከተሉት አንዱ ያለበት ዓረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ አንቀጽ አይከፍትም፦

- «ይህ»፣ «እነዚህ»፣ «እንዲህ ያለ»፣ «ይኸው» የሚሉና ከዓረፍተ ነገሩ ውጪ ወዳለ ነገር የሚያመለክቱ ቃላት
- «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «በተጨማሪም»፣ «ለምሳሌ»፣ «ከዚያም»
- ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይነግር «እሱ»፣ «እሷ»፣ «እነሱ»
- ከዚህ በፊት ስሙ ያልተጠራ ሰው ወይም ነገር ላይ የተለጠፈ «-ው»፣ «-ኡ» ወይም «-ዋ»፦ «ነጋዴው»፣ «ድርጅቱ»፣ «ሴትዮዋ»

አማርኛ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። «ግን» እና «ደግሞ» አብዛኛውን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ አይቀመጡም። «የቆላው ገበሬ ግን…»፣ «ሴቶቹ ደግሞ…» እያሉ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቃል ሆነው ይደበቃሉ። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ የሚያይ ተፈታኝ «የቆላው ገበሬ» የሚለውን ጥሩ መክፈቻ ያደርገዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያዎቹን አራት ቃላት ተመልከቱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መክፈቻ የሚሆን ሁለት ዓረፍተ ነገር ከቀረላችሁ አትምረጡ። ሁለቱንም ክበቡና ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ደረጃ 3፦ ጥንዶችን እሰሩ

ጥያቄው የሚፈታው እዚህ ነው፤ ካላችሁ ጊዜ ግማሹን ለዚህ ስጡ። ጥንድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን መለየት ያቃታቸው ተፈታኞች ጥንዱን በትክክል አግኝተውም ይሳሳታሉ።

ጥብቅ ጥንድ የሚባለው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ወዲያው የሚከተልበት ነው። በወረቀታችሁ ላይ 4+1 ብላችሁ ጻፉት። ልቅ ጥንድ አንዱ ከሌላው እንደሚቀድም እርግጠኛ ሆናችሁ መሐላቸው ሌላ ዓረፍተ ነገር ሊገባ የሚችልበት ነው። 2…5 ብላችሁ ጻፉት።

ሙሉ ስም ከ«እሱ» እና ከማዕረግ ብቻ ይቀድማል፣ ድርጅት በሙሉ ስሙ ከምሕጻረ ቃሉ ይቀድማል፣ «አንድ ነጋዴ» ከ«ነጋዴው» ይቀድማል። እነዚህ ሁሉ ልቅ ናቸው። «እሱ» የሚለው ቃል ከስሙ ሦስት ዓረፍተ ነገር ርቆ ሊመጣ ይችላል።

«ይህም»፣ «በዚህም ምክንያት»፣ «በመሆኑም» ግን ጥብቅ ናቸው። የቀደመውን ሐሳብ እንዳለ ስለሚያነሱ ሌላ ሐሳብ መሐል ሲገባ የሚያነሱት ይቀየራል። «ለምሳሌ» ጥብቅ ነው፤ ከአጠቃላይ አነጋገር ቀጥሎ ይቀመጣል። «ሌላው ችግር» ልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ችግር ማብራሪያ መሐላቸው ሊገባ ይችላል።

«ይህ» ስም ሲከተለው ትንሽ ይላላል። «ለዚህ ውድድር»፣ «ይህ ወንዝ» ሲባል ስሙ ራሱ ወደ ምን እንደሚያመለክት ስለሚነግር አንድ ዓረፍተ ነገር ዘልሎ ሊያመለክት ይችላል። ስም ያልተከተለው «ይህም» ግን መዝለል አይችልም። ሁለት «ይህ» ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች ለአንድ ቦታ ሲፎካከሩ ቅድሚያው ስም ለሌለው ነው። ምሳሌውን ከታች ታገኙታላችሁ።

ቁጥርንም አትርሱ። «እነዚህ» የሚለው ከአንድ በላይ ነገር የዘረዘረ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ካነሳ ዓረፍተ ነገር ኋላ «እነዚህ» ከመጣ ጥንዱ የውሸት ነው።

*የአማርኛ ግሥ የሚደብቀው ባለቤት።* በአማርኛ ባለቤቱ ሳይጠራ ግሡ ብቻውን ሊቆም ይችላል። «ዘመቱ» የሚለው ቃል ብዙ ሰዎችን ወይም በአክብሮት አንድ ሰውን ሊያመለክት ይችላል። ከአንቀጹ ውስጥ አንዱ ስለ ዐፄ ምኒልክ፣ ሌላው ስለ ወታደሮቹ የሚናገር ከሆነ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል አደረጉ» የሚለው ለሁለቱም ይገጥማል። እንዲህ ያለ ጊዜ በግሡ ብቻ አትሰሩት፤ የጊዜ ወይም የአያያዥ ምልክት ፈልጉ። «አሸነፈች»፣ «ጻፈች» የሚሉት ግን ፆታን ስለሚናገሩ ጥሩ መያዣ ናቸው።

*ዘመን ሲቀላቀል።* አንድ አንቀጽ ውስጥ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ልዩነታቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. 1970 ከ1966 ዓ.ም. ይቀድማል፤ በቁጥር ትልቅነት ብቻ የደረደረ ሰው ይገለብጠዋል። ከመደርደራችሁ በፊት ሁሉንም ወደ አንዱ አቆጣጠር ለውጡ።

*ወደኋላ የሚመለስ ታሪክ።* ቀድሞ የተደረገ ነገር ሁልጊዜ ቀድሞ አይጻፍም። «ከዚያ በፊት … ሠርቶ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚያወራው ቀድሞ ስለሆነ ነገር ቢሆንም ቦታው «ከዚያ» የሚለው ቃል ከሚያመለክተው ዓረፍተ ነገር ኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ ምርጫዎቹን በጥንድ ሰርዙ

አሁን ወደ ምርጫዎቹ ሂዱ፤ ዓረፍተ ነገሮቹን ግን አታንብቡ። 4+1 ካገኛችሁ 4 እና 1 በዚያ ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ያልተቀመጡበትን ምርጫ ሁሉ ሰርዙ። ልቅ ለሆነው 2…5 ደግሞ 5 ከ2 የቀደመበትን ብቻ ሰርዙ። ልቁን እንደ ጥብቅ ቆጥራችሁ ከሰረዛችሁ ትክክለኛውን መልስ አብራችሁ ታጠፋላችሁ።

ሁሉም ምርጫዎች ከተሰረዙ ከጥንዶቻችሁ አንዱ ስሕተት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ጥብቅ ያላችሁት ጥንድ ልቅ ሆኖ መገኘቱ ነው። እሱን ወደ ልቅ ቀይራችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ከዜሮ አትጀምሩ።

ደረጃ 5፦ ሁለት ሲቀሩ የሚለያዩበትን ብቻ እዩ

የቀሩት 2-1-4-3-5 እና 2-1-3-4-5 ከሆኑ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ከ1 ቀጥሎ የሚመጣው 3 ነው ወይስ 4? እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ከ1 ጋር እያገናኛችሁ አንብቡ።

ደረጃ 6፦ መገጣጠሚያዎቹን ፈትሹ

የመረጣችሁትን አንድ ጊዜ አንብቡ። ትኩረታችሁ አንዱ አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይሁን። በእያንዳንዱ «ይህ»፣ «እሱ»፣ «ስለዚህ» ላይ «ማን? ምን? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከበላዩ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ካልመጣ መገጣጠሚያው አልያዘም።

ቀላል ምሳሌ

1. ከዚያም ከላይ የጠለለው ውኃ ተደፍቶ ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውኃ ይበስላል።
2. የእንጀራ ሊጥ ምጣድ ላይ እስኪደርስ በብዙ ደረጃ ያልፋል።
3. ይህ አብሲት የሚባለው የበሰለ ሊጥ ቀዝቀዝ ሲል ከዋናው ሊጥ ጋር ተመልሶ ይቀላቀላል።
4. መጀመሪያ የጤፍ ዱቄት በእርሾና በውኃ ተቦክቶ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቀመጣል።
5. ሊጡ እንደገና ኩፍ ሲል ምጣዱ ይጣዳል።

ብዙ ሰው 4ን መክፈቻ ያደርጋል፤ «መጀመሪያ» የሚል ቃል አለበትና። ቃሉ ግን የሂደቱን እንጂ የአንቀጹን መጀመሪያ አይናገርም። ስለ ደረጃዎች በጥቅሉ የሚናገረው 2 ከዝርዝሩ ይቀድማል። 1 ከ3 ይቀድማል፤ «ይህ አብሲት የሚባለው የበሰለ ሊጥ» የሚያነሳው በ1 ላይ የበሰለውን ነው። በ5 ላይ ያለው «እንደገና» ሊጡ አብሲቱ ከተመለሰለት በኋላ መነሳቱን ይነግራል። መልሱ 2-4-1-3-5 ነው።

ከባድ ምሳሌ

1. በቀጣዩ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ግን ጫማ አድርጎ ሮጠና በድጋሚ አሸነፈ።
2. አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ።
3. ይህም የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው አደረገው።
4. ለዚህ ውድድር የተሰለፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር።
5. ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የመኪና አደጋ ደርሶበት ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ።

ምርጫዎቹ፦ ሀ. 2-1-4-3-5  ለ. 2-1-3-4-5  ሐ. 2-1-3-5-4  መ. 2-4-1-3-5

መክፈቻው 2 መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሙሉ ስም ያለው እሱ ብቻ ነው። አራቱም ምርጫዎች በ2 ስለሚጀምሩ ግን ይህ ምንም አይጠቅምም። ጥሩ ፈተና አውጪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጥንዶቹን እንሰር። በ1 ላይ ያለው «ግን ጫማ አድርጎ» በ2 ላይ ካለው «በባዶ እግሩ» ጋር ይቃረናል። 2+1 ጥብቅ ነው። መ ወደቀ። መ ተፈታኞችን የሚስበው 4ን ከ2 ኋላ ሲያነቡት ለጆሮ ስለሚገጥም ነው፤ «ለዚህ ውድድር» የሮሙን ማራቶን የሚል ይመስላል። ንጽጽሩ መቆረጡን የሚያየው ጥንድ ያሰረ ሰው ብቻ ነው።

ሐ ላይ 4 ከ5 ኋላ ነው። ከመኪና አደጋ ቀጥሎ «ለዚህ ውድድር» ሲባል ውድድር የለም። ወደቀ።

ሀ እና ለ ቀሩ። የሚለያዩት በ3 እና በ4 ቦታ ነው። «ይህም» ስም አልተከተለውም፤ የሚያነሳው በድጋሚ ማሸነፉን ነው። በሀ ቅደም ተከተል ከ4 ኋላ ከመጣ ቀዶ ሕክምናው ሁለት ጊዜ አሸናፊ ያደረገው ያስመስላል። «ለዚህ ውድድር» ግን «ውድድር» የሚል ስም ስላለው አንድ ዓረፍተ ነገር ዘልሎም ቶኪዮን ያመለክታል። መልሱ ለ ነው።

ሲጠፋባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

*አንድም ጥንድ አልተገኘም።* አያያዥ ቃል የሌለው አንቀጽ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የተደጋገመ ቃል ፈልጉ። የአንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የተነሳ ነገር የሌላው መጀመሪያ ላይ ከተደገመ ብዙውን ጊዜ ይያያዛሉ። ያም ከሌለ ከጥቅል ወደ ዝርዝር፣ ከምክንያት ወደ ውጤት፣ ከችግር ወደ መፍትሔ ሂዱ።

*አንድ ዓረፍተ ነገር የትም አይገባም።* መጨረሻ ላይ ሞክሩት። ምክር የሚሰጥ፣ ውጤት የሚናገር ወይም ወደፊት የሚመለከት ከሆነ መዝጊያ ነው። ሌላው ከጥንድ ወጥቶ ብቻውን የቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መክፈቻ ይሆናል።

*ስለ ጉዳዩ የምታውቁት ነገር አለ።* እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የምታውቁት ታሪክ ፈታኙ ከጻፈው ቅደም ተከተል ሊለይ ይችላል። በወረቀቱ ላይ ያሉትን ቃላት እመኑ።

*ምርጫ አልተሰጠም።* ጥንዶቹን በወረቀት ጻፉ፣ መክፈቻውን ከፊት አድርጉ፣ ጥብቆቹን ሳትለያዩ አዘዋውሩ። ነጠላውን ዓረፍተ ነገር በመጨረሻ በክፍተቱ አስገቡ።

በእንግሊዝኛ ሲመጣ

ደረጃዎቹ አይቀየሩም፤ ምልክቶቹ ግን ይለያሉ። «ኤ» ወይም «አን» ያለበት ስም «ዘ» ካለበት ይቀድማል። «ሀውኤቨር»፣ «ዜርፎር»፣ «ፎር ኤግዛምፕል» ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ስለሚገኙ ለማየት ይቀላሉ፤ «ኦልሶ» ግን መሐል ይደበቃል። «ሀድ» ያለው ያለፈ ጊዜ ግሥ ቀድሞ የሆነን ነገር ዘግይቶ የሚናገር ስለሆነ መክፈቻ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

ብዙ ተፈታኞች ከሕንድ የፈተና መጻሕፍትና ድረ ገጾች ይለማመዳሉ። እዚያ የሚበዛው አቀራረብ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ መሐል ያሉትን ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ በሚሉ ፊደላት የሚያዘበራርቅ ነው። ደረጃ 2ን ዝለሉት። በምትኩ ከተሰጠው መጀመሪያ ቀጥሎ የሚመጣውንና ከተሰጠው መጨረሻ በፊት የሚቀመጠውን ፈልጉ፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ዚስ» ወይም «ዚዝ» ካለበት በአንድ ጊዜ ይገኛል።

ልምምድ

ከጋዜጣ ወይም ከመማሪያ መጽሐፍ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ ምረጡ። እያንዳንዱን በተለየ ብጣሽ ወረቀት ጻፉ፣ ቅልቅል አድርጋችሁ በፖስታ አስቀምጡ፣ ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ከፖስታው ጀርባ ላይ ጻፉ። ያነበባችሁት እስኪረሳችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ከጓደኛ ጋር ብትለዋወጡ መቆየት አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓት አትያዙ፤ እያንዳንዱን ጥንድና ያያዘውን ቃል በጽሑፍ አስቀምጡ። በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል ስጡ። ስትሳሳቱ «ተሳሳትኩ» ብላችሁ አትለፉ፤ ዓይነቱን መዝግቡ፦ የተደበቀ «ግን»፣ ልቅን ጥብቅ ማድረግ፣ የዘመን ቅልቅል፣ የግሥ ባለቤት፣ የትእዛዝ አለማንበብ። ከሃያ ጥያቄ በኋላ መዝገቡን ስታዩ አብዛኛው ስሕተታችሁ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓይነት እንደሚመጣ ታያላችሁ። የሚቀጥለውን ሳምንት ልምምድ ለእነዚያ ብቻ አውሉት።